የስኳር በሽታ በአንድ ሕዝብ ላይ እንዴት ይበዛል?



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የሐኪም እንጂ የመምህር አይመስልም። ነገር ግን ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሐኪም ደጅ ከመረገጡ ከብዙ ዓመት በፊት ስለሚሰናዳ፥ ልጁን አስቀድሞ የሚያየው መምህሩ ነው።

ቆሽት የምታመነጨው ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ያስገባል። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል፥ ቆሽትም ትርፉን ሥራ መሸከም ሲሳናት፥ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ብዙ ሰው ይህን «የዘር ነገር ነው» ብሎ ይደመድማል። በከፊል እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ዘር ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ የፒማን ሕዝብ ታሪክ ያየ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይደመድምም።

ፒማዎች በአሜሪካ በአሪዞና ምድር፥ በሂላ ወንዝ ዳር፥ በመስኖ በቆሎና ባቄላ የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ከወንዙ በላይ የሰፈሩ ሰዎች ውሃውን ስለ ጠለፉባቸው እርሻቸው ደረቀ፤ ረኃብም ገባ። ኋላም ብዙዎቹ መንግሥት በሚያድለው ነጭ ዱቄት፥ ስብና ስኳር ኖሩ። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጠኗቸው ተመራማሪዎች በዓለም ከታወቀው ሁሉ እጅግ ከፍ ያለ የስኳር በሽታ መጠን አገኙባቸው። ሰነፎችና ሆዳሞች ናቸው ያለም አልጠፋም፤ የወንዙን ነገር ግን ያነሣ ጥቂት ነው።

ወገኖቻቸው በሜክሲኮ፥ በሶኖራ ተራሮች፥ ማይኮባ በተባለች መንደር በእጃቸው እያረሱ በእግራቸው እየሄዱ ይኖሩ ነበር። እነዚህ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲመረመሩ ከመቶ 6.9 ብቻ ታመው ተገኙ፤ በአሪዞናዎቹ ዘንድ ግን ከመቶ 38 ነበር። በዚያው አካባቢ የሚኖሩ ፒማ ያልሆኑ ጎረቤቶቻቸው ከመቶ 2.6 ነበሩ። ዘሩ አንድ፥ ኑሮው ግን ሁለት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። በ1984፥ በ1985 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በተሻገሩት ወገኖች ዘንድ በሽታው አስቀድሞ ብርቅ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን እጅግ በዛ። ይልቁንም የሚያስደነግጠው፥ እምብዛም ያልወፈረውን ሰው እንኳ መያዙ ነው። ስለዚህ ቀጭን ነኝ ማለት ዋስትና አይሆንም።

ደግሞም ከፒማዎች የተገኘ አንድ ነገር ለመምህር ሊታወቀው ይገባል። እናቲቱ በሽታው ከያዛት በኋላ የተወለዱ ልጆች፥ ከዚያ በፊት ከተወለዱት የገዛ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ይልቅ በበሽታው ይያዛሉ። አባትም እናትም አንድ ሲሆኑ ልዩነቱ የመጣው ከማኅፀን ነው። እንግዲህ ዛሬ በክፍላችን የተቀመጠችው ልጃገረድ ጤና የሚመጣውንም ትውልድ ይነካል።

በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣ ጥናት፥ ለበሽታው የቀረቡ 3,234 ሰዎች በሦስት ወገን ተከፍለው ታይተዋል። ምግባቸውን አርመው በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት አደጋውን ከመቶ 58 ቀነሱ፤ ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት ግን ከመቶ 31 ቀነሰ።

የትምህርት ቤት ባለሥልጣኖችን የምጠይቀው ይህን ነው፤ የፈተና ወራት ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰረዘው የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ስለ ምን ይሆን? በግቢያችን ሱቅ የጣፈጠ መጠጥ ሞልቶ ሳለ የቧንቧው ውሃ ስለ ምን ይደርቃል?