የዓይን ቅባትና የሚሳብ መድኃኒት በእናት እጅ

እናቶች ሆይ፤ እኔ ነርስ ነኝ። በአራዳ ጊዮርጊስና በፒያሳ መካከል ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። የጊዮርጊስ በዓል ሲሆን ከሱሉልታም ከሰላሌም ስለት ለማስገባት፣ ዘመድ ለመጠየቅ የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን እንደያዙ ወደኛ ጎራ ይላሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ኪኒንና ስለ መርፌ አይደለም፤ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ቅባትና በአፍ ስለሚሳብ መድኃኒት ነው። መርፌውን ነርሷ ወግታ ትጨርሳለች። እነዚህን ግን ቤት ወስዳ ጧትና ማታ የምትሰጠው እናት ናት።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንዲት አያት የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። የልጁ ዓይን ቀልቷል፣ ያዣል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል። ሽፋኑን ገልብጬ ባይ ትራኮማ ነው፤ ማዝ የምንለው። የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ሰጠሁና «በቀን ሁለት ጊዜ ይቀቡት» ብዬ አሰናበትኳቸው። ሰልፉ ረጅም ነበርና አሠራሩን አላሳየኋቸውም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ዓይኑ እንደዚያው ነው። «እማማ፣ እስቲ እንዴት አድርገው እንደሚቀቡት ያሳዩኝ» አልኳቸው። ቅባቱን በጣታቸው አውጥተው፣ ቅቤ እንደሚቀባ አድርገው የዓይኑን ሽፋን ከላይ አሹት፤ የተረፈውን ግንባሩ ላይ። ከዚያም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። መድኃኒቱ አንድ ቀን እንኳ ዓይኑ ውስጥ አልገባም። «ይቀቡት» ያልኩት እኔ ነኝ፤ እርሳቸውም ቀቡት፤ ምን አጠፉ?

እኒያ አያት በማተባቸው ላይ ወረንጦ አንጠልጥለው ነበር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማዝ በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ዓይን የሽፋኑ ውስጥ ይጠባበሳል። ጠባሳው ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል፤ ሽፋሽፍቱም በተርገበገበ ቁጥር ዓይኑን እየፈገፈገ ውሎ አድሮ ያሳውረዋል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። የሚያድነው ሽፋኑን የሚመልስ ትንሽ ቀዶ ጥገና ነው። እርሳቸውን ለዚሁ ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ላክናቸው። በ1998 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ 100 ልጆች ወደ 40 የሚሆኑት ማዝ ተገኝቶባቸዋል፤ በአማራ ክልል ከ60 በላይ። ከዚያ ወዲህ አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት በየቀበሌው በጅምላ ታድሏል። ዕድሜው ስድስት ወር ላልሞላ ሕፃን ግን የሚሰጠው ይኸው የዓይን ቅባት ነው።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የልጁንም ፊት እጠቡ፤ ዓይን አሩ ካልጠራ ቅባቱ በእድፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ልጁን አስተኝታችሁ ራሱን በጉልበታችሁ መካከል ያዙ፤ የሚፈራገጥ ከሆነ በጋቢ ጠቅልሉት። «ጣራውን እይ» በሉት። የታችኛውን ሽፋን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች ስትስቡት እንደ ትንሽ ኪስ ይከፈታል። ቅባቱ የሚገባው እዚያ ኪስ ውስጥ ነው። ከአፍንጫ በኩል ጀምራችሁ ወደ ውጭ፣ አንድ የገብስ ፍሬ የሚያህል ጨምቁ። የቱቦው አፍ ዓይኑንም ሽፋሽፍቱንም እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ከነካ ሕመሙ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ነገ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ልጁ ዓይኑን ሳይጨምቅ ጥቂት ይክደን። ለጥቂት ደቂቃ ብዥ ይልበታልና ወደ እሳት አትልቀቁት። አንዱ ዓይን ደኅና ቢመስልም ሁለቱንም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ። በሳምንቱ ሲጠራ «ዳነ» ብሎ መተው የተለመደ ነው፤ አልዳነም። አንድ ቱቦ ለአንድ ሰው ነው፤ ከተከፈተ አንድ ወር ሲሆነው ይጣል።

እኒያ አያት ሁለተኛውን ቱቦ እፊቴ ሦስት ጊዜ አግብተው አሳይተውኝ ሄዱ። የልጁም ዓይን ጠራ።

ቱቦ ሁሉ ይመሳሰላል፤ የቆዳ ቅባት ለዓይን አይሆንም። የዓይን ጠብታም ቢሆን «ቶሎ ያጠራል» ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይገዛም። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ለጊዜው ቅላቱን ያጠፋል፤ ሲቆይ ግን የዓይንን ግፊት ጨምሮ ብርሃን ሊነሳ ይችላል። ባዶውን ቱቦ አትጣሉ፤ ስትገዙ አሳዩት። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ስለፈረሱ የምታውቁት መድኃኒት ቤት በቦታው ላይገኝ ይችላል፤ ሌላው ባለ መድኃኒት ቤት ስሙን ከቱቦው ያነባል።

አሁን ደግሞ ስለ አስም። ፓፍ የሚባለው መድኃኒት የሚሠራው ሳንባ ሲደርስ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አፉ ውስጥ ነፍቶ ይውጠዋል። ትልቅ ሰው ከሆነ ፓፉን ይወዝውዝ፤ ትንፋሹን ያውጣ፤ በከንፈሩ አጥብቆ ይያዝ፤ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሳብ ሲጀምር ይጫን፤ ከዚያ አስር እስኪቆጥር ትንፋሹን ይያዝ። ሁለተኛ ከታዘዘ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ።

ልጅ ይህን አይችልም። ለልጅ መካከል ላይ የሚገባ ዕቃ አለ፤ ውድ ነው፤ ግን ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይተካዋል። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ታውን፣ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ፈትነው እንደሚሠራ አሳይተዋል። የጠርሙሱ ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፤ ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይዞ፣ አንድ ጊዜ ሲጫንለት አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። ቀዳዳው ልክ እንዲሆን ነርሷ ትሥራላችሁ። በሳሙና ታጥቦ፣ ውስጡ ሳይወለወል፣ በራሱ ይድረቅ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ማጠን ግን ፓፍን አይተካም፤ ድስቱ ተገልብጦ የተቃጠለ ሕፃንም አይቻለሁ። አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ጭሱ ከማጀት የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑር።

ልጁ ለመናገር ወይም ለመጥባት ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሐኪም ያዘዘውን ፓፍ እየሰጣችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ መንገድ ላይ ያስፈልጋል።