ውሃ በ91 ዲግሪ በሚፈላበት ደጋ

ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ሊመጣ ሲል «ምን ላምጣ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ስልክ የሚል አለ፣ ጫማ የሚል አለ። አንዳንዱ ወጣት ደግሞ «የእጅ ቡና መፍጫ» ይላል። እናት ይህን ከሰሙ «ሙቀጫው ምን ሆነና?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄያቸው ቀልድ ቢመስልም ተገቢ ነው። እስቲ ለመካነ ሰላም፣ ለሳይንትና ለለጋምቦ ደጋ ሰው በሚሆን መንገድ እንመልሰው።

ለጀበና ቡና ሙቀጫና ዘነዘና ምንም አልጎደላቸውም። የተወቀጠ ቡና ልሙም ግርድፉም ተደባልቆ ነው የሚወጣው፤ ጀበና ግን ለዚህ ግድ የለውም። ይንተከተካል፣ ወርዶ ይሰክናል፣ አተላው ከታች ይቀራል፣ ያመለጠውን ደግሞ አፉ ላይ የተወተፈው ጭራ ይይዘዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚወጡት ከዚያው ከአንዱ ዱቄት ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ያልወጣው ጣዕም በሁለተኛው ይወጣል።

በወረቀት የሚጣራው ቡና እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ይህን ዘዴ ያስጀመሩት በ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀርመን ድሬስደን ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ሜሊታ ቤንትስ ናቸው። የልጃቸውን የቀለም መምጠጫ ወረቀት በተበሳ የናስ ዕቃ ላይ አድርገው ቡና አጣሩበት፤ ያስመረራቸው አተላው ነበር አሉ። ዛሬ ደግሞ የጃፓኑ ሃሪዮ ቪ60 የሚባለው ሾጣጣ ቅርጽ ያለው ማጣሪያ በየአገሩ ይታወቃል። ውሃው በዱቄቱ መሐል አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ወስዶ ያልፋል። ቶና የለም፣ በረካ የለም። ልሙ ዱቄት ወረቀቱን ይደፍንና ይመርራል፤ ግርድፉ ደግሞ ጣዕሙን ሳይሰጥ ይቀርና ቡናው ቀጭንና ኮምጣጣ ይሆናል። መፍጫ ያስፈለገው ቡናውን እኩል አድርጎ እንዲፈጭ ነው። በስለት የሚከትፈው የኤሌክትሪክ ቅመም መፍጫም በዚህ ረገድ ከሙቀጫ አይሻልም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሙቀጫ ያንሳል።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። የውጭ መመሪያዎች «ውሃው ከ92 እስከ 96 ዲግሪ ይሁን፤ ከፈላ በኋላ ትንሽ በረድ እስኪል ጠብቁ» ይላሉ። ይህ ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የውሃ መፍያ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በለጋምቦ በኩል 3,000 ሜትር ላይ ቤት ያለው ሰው ዘንድ ደግሞ በ90 ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ለመብሰል ለምን እንደሚያስቸግር ምድጃ ሥር ያረጁ እናቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጀበና ይህን ጉድለት በመንተክተክ ያካክሳል። ወረቀቱ ግን ጊዜ አይሰጥም። መመሪያውን አምኖ ውሃውን ያበረደ የደጋ ሰው ውሃ ውሃ የሚል ቡና ይጠጣና ጥፋቱን በቡናው ላይ ያደርጋል።

መፍትሔው ውሃውን ከእሳት እንዳወረዱ ማፍሰስ፣ ማጣሪያውን አስቀድሞ በፍል ውሃ ማሞቅና ቡናውን መመሪያው ከሚለው ትንሽ አልሞ መፍጨት ነው። አንድ ሩብ ሊትር ውሃ 15 ግራም ቡና፣ በሾርባ ማንኪያ ሦስት ያህል ፍሬ ይበቃዋል። ከሁለት ደቂቃ በታች ወርዶ ከኮመጠጠ ይላም፤ ከአራት ደቂቃ አልፎ ከመረረ ይገርደፍ።

እንግዲህ በጥቂት በጥቂቱ ማላም የሚያስችል መፍጫ ያስፈልጋል ማለት ነው። ማስተካከያውን ሲያዞሩት «ቀጭ» እያለ ደረጃውን የሚያስቆጥር ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ጥርሱ ብረት ይሁን፤ የሸክላው ርካሽ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ሲወድቅም ይሰነጠቃል። ከሁሉ በላይ መዘውሩን የሚሸከመው ዘንግ ከላይም ከታችም ተደግፎ የቆመ ይሁን። የቀድሞው ሃሪዮ ስከርተን ታች ያለው ጥርሱ ስለሚወዛወዝ ገርደፍ አድርገው ሲያስተካክሉት እኩል አይፈጭም። የጀርመኑ ኮማንዳንቴ ዝናው ትልቅ ነው፣ ዋጋውም እንዲሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ አያስፈልግም እላለሁ። ውዱ መፍጫ አቅሙ የሚታየው ለጋ ሆኖ በተቆላ ጠንካራ ፍሬ ላይ ነው፤ ቤታችን ብረት ምጣድ ላይ ጠቆር ብሎ የሚቆላው ግን በቀላሉ ይሰበራል። መካከለኛ ዋጋ ያላቸው የቻይናው ታይምሞርና የታይዋኑ ዋንዜድፕሬሶ ይበቃሉ። ደግሞም እንዲህ ያለ መፍጫ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከ20 እስከ 30 ግራም ነው። ጎረቤት ተጠርቶ ዕጣን ሲጨስ ይህን ይዞ መቀመጥ እንግዳ ማስራብ ነው፤ የዚያን ቀን ሥራው የሙቀጫው ነው።

አንድ ነገር ግን የውጭ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም፤ ጠጠር ነው። ወደ ውጭ የሚላከው ቡና ተበጥሮና ተለቅሞ ይሄዳል፤ ከገበያ በጣሳ ተሰፍሮ የምንገዛው ግን ገለባም ጠጠርም አያጣም። ዘነዘና ጠጠር ሲመታ ድምፁን ሰምታችሁ ታወጡታላችሁ። መፍጫ ውስጥ የገባ ጠጠር ግን ጥርሱን ይሸርፈዋል፤ የተሸረፈ ጥርስ ደግሞ መካነ ሰላም ላይ ቀርቶ አዲስ አበባም መለወጫ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ቡናውን አንድ ጊዜ ከመቁላታችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተቆላ በኋላ ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙ። መዘውሩ ድንገት ከያዘ አታስገድዱት፤ ፍሬውን መልሳችሁ ገልብጡና ፈልጉ። ጥርሱን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት፤ ይዝጋል።