ፍራሽና ደም

ለመሆኑ ፍራሽ ላቦራቶሪ ሲመረመር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ሆኗል። ተመራማሪዎች 812 ልጆች ከሚተኙባቸው ፍራሾች አቧራ ሰብስበው ኢንዶቶክሲን ለኩ። ይህ የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ልባስ ስባሪ ነው፤ ከብት ካለበት ቤት አይጠፋም። ውጤቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ወጣ። ፍራሹ ላይ ይህ ነገር የበዛበት ልጅ ከአለርጂ ጋር የተያያዘ አስም የሚይዘው ከሌሎቹ ባነሰ ነበር። ፍራሽ ፀሐይ ላይ እያሰጣን ላደግን ሰዎች ይህ ለጆሮ ይከብዳል!

በዚያው ዓመት ደግሞ የልጆች ደም ታየ። የገበሬ ልጆች ነጭ የደም ሕዋሳት ሲዲ 14 እና ቲኤልአር 2 የተባሉ ተቀባዮች ገበሬ ካልሆኑ ጎረቤቶቻቸው ልጆች በልጠው ተገኙባቸው። ተቀባይ ማለት በሕዋሱ ገጽ ላይ እንደ ደጅ ዘበኛ የቆመ ፕሮቲን ነው፤ ተህዋስ ሲመጣ ለይቶ ለውስጡ ይናገራል። ቲኤልአር የተባለው የተቀባዮች ቤተሰብ ሥራ መጀመሪያ የታወቀው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የበሰለ ፍራፍሬ ላይ በምታንዣብበው ትንሽ ዝንብ ነው። ዡል ሆፍማን በ1996 ዝንቧ ሻጋታን በምን እንደምትከላከል አሳየ፤ ብሩስ ቦይትለር በ1998 በአይጥ ላይ የኢንዶቶክሲንን ተቀባይ አገኘ። በ2011 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የተቀባይ መብዛት የበሽታ ምልክት አልነበረም። ልጁ ከምን ጋር እንደኖረ ደሙ መናገሩ ነው እንጂ። ሐኪም አስምን የሚለየው አሁንም ደረት አዳምጦ፣ የትንፋሽ ኃይል ለክቶ ነው።

የእኛዋ ጅማም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። በ1997 የታተመው ጥናት ደረት ሲር ሲር ማለት ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ አገኘው። በ2001 የወጣው ደግሞ የመንጠቆ ትል የበዛበት ሰው ሲር ሲር የሚለው ባነሰ መሆኑን ጻፈ። ታዲያ የትል መድኃኒት ይቅር የሚል ካለ እኔ አልስማማም፤ ትሉ ደም መጣጭ ነው፤ ልጅን ያገረጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጊዜው ይመስለኛል። በአልፕስ አካባቢ መንደሮች ከአስም የሚገኘው ጥበቃ ጎልቶ የታየው ገና ዓመት ሳይሞላቸው በረት በገቡት ልጆች ላይ ነው። አስም ከያዘ በኋላ ግን ያው ኢንዶቶክሲን ሲተነፈስ የአየር ቧንቧን ያጠባል።