ዳገቱ ይነሣ ለሚሉን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የስፖርት ኮሚቴው ያሰማው ንግግር)



በአቃቂ ቃሊቲ ልናደርገው ስላሰብነው አነስተኛ የማራቶን ሩጫ ባለፈው ስብሰባ ያቀረብነው ሐሳብ ብዙ ክርክር እንዳስነሣ ታስታውሳላችሁ። ሩጫው ይደረግ በሚለው ላይ ሁላችንም ተስማምተናል። የተለያየነው በሦስት ነገር ነው። አንዳንዶቻችሁ «መንገዱ ዳገት የበዛበት ስለ ሆነ ጥሩ ሰዓት አይመዘገብበትም፤ ዳገቱ ይነሣና ሜዳ ሜዳው ይመረጥ» አላችሁ። ሌሎቻችሁ «42 ኪሎ ሜትር ለተማሪና ለሠራተኛ ይበዛል፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ቢጎድል ማን ያውቃል?» አላችሁ። የቀሩትም «ሩጫው ከተጀመረ አራት ሰዓት ሲሞላ ይዘጋ፤ ወደ ኋላ የቀረውን ስንጠብቅ አንውልም» ብላችኋል።

ዛሬ ለሦስቱም መልስ ይዘን ቀርበናል። መልሳችንም በአጭሩ ሲነገር «መንገዱን አናታል» የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። አቃቂ ቃሊቲ ለብዙዎቻችን በአውቶቡስ መስኮት አይተን የምናልፈው አገር ነው። ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ ስንወርድ ፋብሪካውንና የጭነት መኪናውን ሰልፍ እናያለን፤ ከዚያ በኋላ ሐሳባችን ወደምንሄድበት ይቀድመናል። ነገር ግን መሬቱን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ሌላ ነገር ያያል። በእንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ከፍታ ከተማውን ይዞ ወደ ደቡብ ሲወርድ ቆይቶ አቃቂ ላይ 2,100 ሜትር ገደማ ይሆናል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ውሃው ከዚያ አልፎ ከአዋሽ ይደባለቃል። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ግን ምድሩ ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ጉብታው ከጉብታ ይቀጥላል። የፈጣኑ መንገድ መነሻ የሆነው የቱሉ ዲምቱ ስም ራሱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ብዙዎቹ ታላላቅ ሯጮቻችንም ረጅሙን ልምምዳቸውን ለማድረግ በማለዳ ወደ አቃቂ ይወርዳሉ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነገር እንመለስ። ዳገት ሩጫን ያበላሻልን? የራሳችንን አገር ታሪክ ብንጠይቅ መልሱ የተገላቢጦሽ ነው።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ እሱና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው አይተውት ነበር። ከአክሱም ተወስዶ በዚያ ቆሞ ከነበረው ሐውልት አጠገብ፣ ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ መንገዱ ትንሽ ዳገት እንዳለው አስተዋሉ። አበበም ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ የተለየው በዚያ አካባቢ ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲገባ ራዲ 25 ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ደረሰ። ሌላው ሰው እንደ እንቅፋት የሚቆጥረውን ትንሽ ዳገት አበበ መሣሪያ አደረገው።

ማሞ ወልዴስ? ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ ሲያሸንፍ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ነበር። ይህ አበበ ከአራት ዓመት በፊት በቶክዮ ካስመዘገበው በስምንት ደቂቃ ይዘገያል። ታዲያ የማሞ ወርቅ ከአበበ ወርቅ ያንሳል የሚል ከመካከላችን አለ? በዚያ አየር ሁለተኛው ሰው ከማሞ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው የገባው። ሰዓት የሚናገረው ከቦታው ጋር ሲነበብ ብቻ ነው።

ፋጡማ ሮባም ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. በማራቶን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት የሆነችው ሙቀትና ዳገት በበዛባት በአትላንታ ነው። ከዚያም በታወቀው የቦስተን ዳገት ላይ ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች። በቅርቡም ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ በፓሪስ የሮጠበት መንገድ በድምሩ 436 ሜትር መውጣት ነበረበት። መንገዱ የተቀየሰው በ1789 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ሴቶች እንጀራ ጠፋ ብለው ወደ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት የተጓዙበትን ለማስታወስ ነው። ታምራት በተጠባባቂነት ተይዞ ቆይቶ በተጎዳው በሲሳይ ለማ ምትክ የገባ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ዳገት 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ በሆነ ጊዜ ገብቶ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሰበረ። ስለዚህ «በዳገት ጥሩ ሰዓት አይገኝም» የሚለው ቃል እንኳ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

«ሜዳው ካልተገኘ ቁልቁለቱን እንጠቀም፤ ከመሀል ከተማ ተነሥተን አቃቂ እንጨርስ» ያሉም አሉ። ይህ ሐሳብ ለእግር ቢጥምም ለሕግ አይመችም። ክብረ ወሰን እንዲጸድቅ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው መውረድ በአንድ ኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር፣ በማራቶን ሁሉ ከ42 ሜትር መብለጥ የለበትም። በ2003 ዓ.ም. ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ በቦስተን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ2 ሴኮንድ ሮጦ እስከዚያ ቀን ማንም ያልሮጠውን ሮጠ፤ ነገር ግን የቦስተን መንገድ ከሚፈቀደው በላይ ስለሚወርድና መነሻውና መድረሻው ስለሚራራቁ የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ አልተመዘገበለትም። እኛ ያቀረብነው መንገድ ከተነሣበት የሚመለስ ነው። የወረደውን ሁሉ ይወጣዋል፤ የማንም ባለዕዳ አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ርቀቱ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. በአቴና የተደረገው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን 17 ሰዎች ብቻ የተነሡበት፣ ዳገት ያለበት አነስተኛ ሩጫ ነበር፤ ርቀቱም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚለው ልክ በ1908 እ.ኤ.አ. በለንደን ተሮጠ፤ በ1921 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሁሉ የጸና ሆነ። ከዚያ ወዲህ በሮማ የሮጠና በአቃቂ የሚሮጥ ሰው የሚገናኙት በዚህ ቁጥር ነው። ፈትልና ብረት የሚሠራ ሠራተኛ ማራቶን ጨረስኩ ብሎ ለልጆቹ ሲነግር አበበ የሮጠውን ያህል መሮጡን እርግጠኛ መሆን አለበት። ሁለት ኪሎ ሜትር ብንሰርቀው ቃሉን ነው የምንሰርቀው።

መለኪያውም ከአቅማችን በላይ አይደለም። የመኪና ቆጣሪ አይታመንም። ትክክለኛው መሣሪያ በፊት ጎማው ላይ ቆጣሪ የተገጠመለት ብስክሌት ነው። በመጀመሪያ ቀጥ ያለ መንገድ በብረት ሜትር ይለካል፤ ብስክሌቱ በዚያ ላይ ተደጋግሞ ተነድቶ ቆጣሪው ስንት እንደሚቆጥር ይታወቃል። ከዚያ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭሩ መስመር ላይ መንገዱ ይለካል፤ ሲያበቃም ብስክሌቱ በመጀመሪያው መለኪያ ላይ እንደገና ይፈተናል። በመጨረሻም መንገዱ ከቶ እንዳያጥር በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨመራል። ለዚህ አንድ ብስክሌትና የአንድ እሑድ ማለዳ ይበቃናል።

«ታዲያ ያልለመደ ሰው ይህን ሁሉ ዳገት እንዴት ይችለዋል?» ለሚሉን ሐኪሞችና አሠልጣኞች የሚመክሩትን በአጭሩ እንናገር። በአቃቂ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ከሌላ አገር የተገኘን ሰዓት እዚህ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። በዳገት ፍጥነትን መጠበቅ አይገባም፤ የሚጠበቀው ትንፋሽ ነው። እርምጃን አሳጥሮ፣ ዓይንን ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ጥሎ፣ ሜዳ ላይ በነበረው ትንፋሽ መውጣት ነው። ቁልቁለቱ ግን ከዳገቱ የባሰ አታላይ ነው፤ ሲወርዱ የጭን ሥጋ እየተለጠጠ ሰውነትን ስለሚገታ በውስጡ ይቆሳስላል፤ ሕመሙም በማግሥቱና በሠልስቱ ይብሳል። መድኃኒቱ እርምጃ አለማስረዘምና ከሩጫው ሳምንታት በፊት ቁልቁለትን መለማመድ ነው። በሥጋ ውስጥ የተከማቸው ስንቅ በመጀመሪያው ሰዓት ከተረጨ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ጉልበት ይከዳል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሆናል። ውሃም በጥማት ልክ እንጂ ከልክ በላይ አይጠጣ፤ ሲበዛ የደምን ጨው አቅጥኖ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር ደርሰናል፤ እሱንም ያለ ኀፍረት ልንናገረው አንችልም።

ባለፈው ዓመት በዚያው አካባቢ ለመሞከሪያ ያህል የመንገዱን ግማሽ አሩጠን ነበር። ሯጮቹ ጥቂት ነበሩ፤ ግማሾቹ ተማሪዎች፣ ግማሾቹ የአካባቢው ሰዎች። ፊተኞቹ ገቡ፤ አጨበጨብን። መካከለኞቹ ገቡ፤ ውሃ ሰጠን። ከዚያ ፀሐዩ በረታ፣ አቧራው ተነሣ፣ አውቶቡሱ ይጠብቀናል ተባለ፤ ገመዱን ጠቀለልን፣ ጠረጴዛውን አነሣን፣ ወረቀቱን አጠፍን። አውቶቡሱ ውስጥ ገብተን ሳለ አንዲት ሴት ከመጨረሻው ዳገት አናት ላይ ብቅ አለች። በሸራ ጫማ ነበር የምትሮጠው። የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ከፋብሪካ በቀጥታ እንደ መጣች ኋላ ሰማን። አልቆመችም፤ አላነከሰችም፤ ገመዱ ወደ ነበረበት ቦታ እስክትደርስ ሮጠች። ከዚያም ዙሪያዋን አይታ ወደ እኛ መጣችና «ወንድሞቼ፣ ስሜን ጽፋችሁልኛል?» አለች።

አልጻፍንም። ሰዓት ያዡ ሰዓቱን አቁሞት ነበር። ውሃው አልቆ ነበር፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ በሚቀዳበት በአቃቂ ምድር አንድ ኩባያ ውሃ አጣንላት። ከመካከላችን አንዱ ወረቀቱን ዘርግቶ ስሟን ከታች ጻፈ፤ በሰዓቱ ቦታ ግን የሚሞላው ቁጥር አልነበረውም። እሷ አመስግናን ሄደች። እኛም ወደ ከተማ ስንመለስ ማንም አልተናገረም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን! ስለ ሠፊው ሕዝብ በዚህ አዳራሽ ብዙ ተናግረናል። ሕዝቡ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ እኛ ሲሮጥ ግን ጠረጴዛውን አንሥተን ተገኘን። ፊተኛው ሯጭ እኛ ብንኖርም ባንኖርም ፊተኛ ነው፤ ዓይን አያጣም። የኋለኛው ሩጫ ግን ሩጫ የሚሆነው የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነው። ትልልቆቹ ሩጫዎች የብዙ ሺህ ሰው መንገድ መክፈት አለባቸውና የሚዘጉበትን ሰዓት ቢወስኑ ምክንያት አላቸው። የኛ ግን አነስተኛ ነው፤ የአነስተኛ ሩጫ ትልቁ ሀብቱም እያንዳንዱን ሰው በስሙ ሊጠብቅ መቻሉ ነው። ይህን ካጣ ምን ቀረው?

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተሉትን እንዲወስን እንጠይቃለን።

አንደኛ፤ መንገዱ ከነዳገቱ ይጽና፤ ከጭነት መኪናው አስፋልት ርቆ፣ በእሑድ ማለዳ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀመር።

ሁለተኛ፤ ርቀቱ በብስክሌት ቆጣሪ ይለካ፤ የተለካበትም ወረቀት ማንም እንዲያየው ይለጠፍ።

ሦስተኛ፤ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ውሃ ይኑር፤ የውሃው ጠባቂ የመጨረሻው ሯጭ ሳያልፍ ቦታውን አይልቀቅ።

አራተኛ፤ የመጨረሻው ሰው ስምና ሰዓት ካልተጻፈ በቀር ገመዱ አይጠቅለል። ከሯጮቹ ኋላ ከኮሚቴያችን ሁለት ሰዎች በብስክሌት ይከተሉ፤ ሕመም የያዘውን ያሳፍሩ፤ የሚችለውን ግን አይቸኩሉበት።

ያችን ሴት ፈልገን አግኝተናታል። ዘንድሮ ትሮጥ እንደ ሆነ ስንጠይቃት መልሳ የጠየቀችን «ዳገቱ አለ?» ብላ ነው። አለ አልናት። «እንግዲያው ልለማመድ» አለች።

ይህን ቃል ሰጥተናታል። እንድንጠብቀው ድምፃችሁን ስጡን።