የነርስነት ተማሪና 168ቱ ሰዓታት

(ለነርስነት ተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ነርስነት ለሚማሩ ልጆቻችን ምክር እንድሰጥ ሲጠይቁኝ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አጠናን ዘዴ ለመናገር ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ በዴንቨርና በአውሮራ ትምህርታቸውን ሲያቋርጡ ካየኋቸው ወገኖቼ መካከል ትምህርቱ ስለከበዳቸው ብቻ የተዉት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹን ያሸነፋቸው ሰዓት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ሰዓት ነው፤ የምናገረውም ለተማሪዎቹ ብቻ ሳይሆን ሰዓታቸውን ለምንወስድባቸው ለኛም ጭምር ነው።

በስደት ሆኖ ነርስነትን መማር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1936 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ከተሰደዱ በኋላ፣ ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምት ላይ በወጣትነታቸው ቢያርፉም፣ በአዲስ አበባ በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠርቶላቸዋል። የምንኖርበት አካባቢም ለሙያው ባዕድ አይደለም። ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው ሙያ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 እዚሁ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የጀመሩትም ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ናቸው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የነርስነት ኮሌጅ የሚገኘው በአውሮራ፣ በቀድሞው የፊትዝሲመንስ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ቦታ ላይ ነው። ብዙዎቻችን በኮልፋክስ ጎዳና ስንመላለስ በደጁ እናልፋለን።

ወደዚህ ሙያ አብዛኞቻችን የምንገባው በሲ.ኤን.ኤ. በር ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለሲ.ኤን.ኤ. የሚጠይቀው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት በመሆኑ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተምሮ ሥራ መያዝ ይቻላል። ከዚያም ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ እየሠሩ ቀን አር.ኤን. መማር የሚያስቸግር አይመስልም። ለኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ሳለሁ ሰኞ ጠዋት ፈተና ነበረብኝ። ዓርብ ዕለት የአንድ ወዳጃችን መርዶ ተነገረ። ቅዳሜና እሑድ ለቅሶ ቤት ዋልኩ፤ እንጀራ ጋገርኩ፤ ወጥ ሠራሁ። እሑድ ማታ ሥራ ገባሁ፤ ሰኞ ጠዋት ከሥራ በቀጥታ ወደ ፈተናው ሄድኩ። በብዙዎቹ የነርስነት ትምህርት ቤቶች ማለፊያው 75 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑን ታውቃላችሁ። በኮርሱ መጨረሻ ውጤቴ ሲደመር ሁለት ነጥብ ጎደለኝ። በዚያች ሁለት ነጥብ ምክንያት ወደ ክፍል ለመመለስ አንድ ዓመት ጠበቅሁ።

ለቅሶ በመሄዴ አልጸጸትም። የምጸጸተው ፈተና እንዳለብኝ ለማንም ባለመናገሬ ነው። ባለቤቴ አያውቅም፤ ልጆቼ አያውቁም፤ ለቅሶ ቤት የነበሩት እናቶችም አያውቁም። ቢያውቁ ኖሮ «ተነሺ ልጄ፣ ሂጂ አጥኚ» ብለው ያሰናብቱኝ ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እኔ ግን አራት ዛፍ ለመውጣት ሞክሬ፣ የወደቅሁት በድብቅ ነበር።

በዚያ ባዶ ዓመት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሳምንቴን ቆጠርኩ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሥራ 40፣ እንቅልፍ በቀን ሰባት ቢሆን 49፣ ክፍል 12፣ የሆስፒታል ልምምድ 12። ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ማጥናት የተለመደ ነውና ጥናት 24፣ መንገድ ደግሞ 10። ይህ ሁሉ ሲደመር 147 ሰዓት ይሆናል። የሚተርፈው 21 ሰዓት፣ ማለትም በቀን ሦስት ሰዓት ነው። ምግብ ማብሰል፣ ልጆች፣ ልብስ ማጠብ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ስልክ፣ ለቅሶ፣ ሰርግ ሁሉ ከነዚህ ሦስት ሰዓታት ይወጣል። አንድ ሰርግ ብቻ የሁለት ቀን ድርሻ ይበላል። ወዲያው የገባኝ ነገር ቢኖር የጎደለኝ ጉብዝና ሳይሆን ሰዓት መሆኑ ነው። ሥራዬን ወደ ሁለት የ12 ሰዓት ፈረቃ፣ ማለትም ወደ 24 ሰዓት ስቀንስ ትርፉ 37 ሆነ። ደመወዜ ቀነሰ፤ አገር ቤት የምልከውም ቀነሰ። ለእናቴ ደውዬ «ሁለት ዓመት ታገሡኝ» አልኳቸው። እሳቸውም «አንቺ ብቻ ጨርሺ» አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ይህንን አንድ መልስ ነበር።

አሁን ለተማሪዎቹ የረዱኝን ጥቂት ነገሮች ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሴሚስተሩ በተጀመረበት ሳምንት የሁሉንም ኮርስ ፈተናና የሆስፒታል ልምምድ ቀን በአንድ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ላይ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። ስልካችሁ ውስጥ ያለውን የምታዩት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያየዋል። በዓሎቻችንንም አብራችሁ ጻፉ። እንቁጣጣሽ ትምህርት በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ይመጣል። ፋሲካ ደግሞ አንዳንድ ዓመት ከማጠቃለያ ፈተና ጋር ይገጥማል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የዋለው ሜይ 5 ቀን ነበር። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ሙስሊም እህቶቼና ወንድሞቼም አስቀድመው ያስሉ። ሰዓቱንም በአንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። ሆስፒታሉ 1900 የሚለውን እኛ ማታ 1 ሰዓት እንላለን፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሰው ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት አጥኑ። የመጨረሻው ፈተና ኤንክሌክስ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአዲስ መልክ የሚሰጥ ሲሆን፣ የጥያቄው ብዛት ለአር.ኤን. ከ85 እስከ 150 ይደርሳል። በቃል የተያዘውን ብቻ ሳይሆን «ከእነዚህ በሽተኞች መጀመሪያ ማንን ታያለህ?» እያለ ማመዛዘንን ይጠይቃል። ይህ በአንድ ሌሊት አይገኝም። በአውሮራ የአር መስመር ባቡር ለምትመላለሱ፣ መንገዱ ራሱ የጥናት ክፍል ነው።

ሦስተኛ፣ በእንቅልፋችሁ አትነግዱ። ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። በኮሎራዶ ሕግ ደግሞ ከዚያ መጠን በላይ ጠጥቶ መኪና መንዳት ያስከስሳል። ሌሊቱን ሙሉ ሠርታችሁ ቀኑን ክፍል ውላችሁ በአይ 225 ላይ መንዳት በሕይወታችሁና በሰው ሕይወት መጫወት ነው። በዚያ ሁኔታ ለበሽተኛ መድኃኒት ማስላትም እንዲሁ።

ከአገር ቤት የሚደወለውንም አስቡ። በብርዱ ወራት በኛና በአዲስ አበባ መካከል የ10 ሰዓት፣ በበጋው 9 ሰዓት ልዩነት አለ። ዘመዶቻችን በብርዱ ወራት ማታ 2 ሰዓት ላይ እራታቸውን በልተው ሲደውሉ፣ እዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ ሌሊት የሠራ ሰው ገና ዓይኑን መክደኑ ነው። የምትገናኙበትን ቀንና ሰዓት ወስናችሁ ንገሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን ዝጉት።

አራተኛ፣ ምንም ቢመጣ የማትነኩት አንድ የዕረፍት ጊዜ ይኑራችሁ። ለኔ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከልጆቼ ጋር ቡና የምጠጣበት ሁለት ሰዓት ነበር። ሚዛን ማለት ለሁሉም እኩል ማካፈል አይደለም። የፈተና ሳምንት ወደ መጽሐፉ ያጋድላል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ወደ ልጆች ማጋደል አለበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም አይቀየምም ብዬ አልዋሻችሁም። ወደ ትምህርት በተመለስኩበት ዓመት የአንዲት ጓደኛዬ እናት አገር ቤት አረፉ። ያ ሳምንት ልምምድም ፈተናም ነበረብኝ። በስልክ አብሬያት አለቀስኩ እንጂ አልሄድኩም። በአሥረኛው ቀን ስሄድ ፊቷን አዞረችብኝ። አልፈርድባትም፤ በኛ ባህል በሐዘን ቀን የቀረ ሰው እንደ ባዕድ ይቆጠራል። ዛሬ ሰላም እንባባላለን፤ እንደ ድሮው ግን አይደለንም። ትምህርቴን የጨረስኩት ይህንንም ከፍዬ ነው።

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው ልመና ይህ ዕዳ በአንዲት ተማሪ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነው። በዕድራችን ደንብ ውስጥ፣ በፈተና ሳምንት ያለ ተማሪ ለቅሶ ባይደርስ እንደ ቀረ እንዳይቆጠርበት፣ በኋላ በሚመቸው ቀን ሄዶ እንዲያጽናና ይጻፍ። በማጠቃለያ ፈተና ወራት ልጆች የሚጠብቁ እናቶች በተራ ይመዝገቡ። እኔ የተመረቅሁት አንዲት እናት በየማክሰኞው ልጆቼን ስለያዙልኝ ነው፤ ለዚህም አንድ ቀን እንኳ ገንዘብ አልተቀበሉኝም። ሙያውን የጨረስን ነርሶችም በወር አንድ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍት ከተማሪዎች ጋር እንቀመጥ። ለዚህ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ 168ቱን ሰዓት ቁጠሩ። ቁጥሩ አልበቃ ካለ አትፈሩ፣ አትደብቁም፤ ለምትወዱት ሰው ወረቀቱን አሳዩት። ወላጆችና ወዳጆች ደግሞ ያ ወረቀት ሲሰጣችሁ «ምን ልቀንስልሽ?» ብላችሁ ጠይቁ።