አራተኛዋ ግብ ከየት መጣች?

ግብ ሲቆጠር ካሜራው ወደ አስቆጣሪው ይሮጣል። እኛ ዛሬ ፊታችንን ወደ ተከላካዮቹ እናዞራለን። ቦታው አንፊልድ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. ሜይ 2019፣ የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ 3 ለ 0 ያሸነፈው ባርሴሎና በሊቨርፑል 4 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ።

ሰው የሚያስታውሰው አራተኛዋን ግብ ነው፤ መዘዙ ግን የጀመረው በ7ኛው ደቂቃ ነው። የባርሴሎናው ተከላካይ ጆርዲ አልባ በግንባሩ ወደ ኋላ የመለሳት ኳስ የሊቨርፑሉ ማኔ እግር ላይ ወደቀች። የቡድን አጋሩ ሄንደርሰን መታ፣ የባርሴሎናው ግብ ጠባቂ ቴር ስቴገን መለሰ፣ የተመለሰችውን የሊቨርፑሉ ኦሪጊ አገባት። በ54ኛው ደቂቃ አልባ በዚያው መስመር እንደገና ኳስ ተነጠቀ። የሊቨርፑሉ አርኖልድ አሻማ፤ ከኋላ እየሮጠ የመጣው ቫይናልደም ሁለተኛዋን አገባ፤ እሱን የተከተለው የባርሴሎና አማካይ አልነበረም። ጥፋቱን ሁሉ በአልባ ላይ መደፍደፍ ፍትሐዊ የማይሆነው ለዚህ ነው። ሦስተኛዋን ያው ቫይናልደም በቴስታ አስቆጠረ።

79ኛው ደቂቃ ላይ ለሊቨርፑል የማዕዘን ምት ተሰጠ። ኳስ አቀባዩ ልጅ ፈጥኖ ኳስ ሰጠ። አርኖልድ ምቱን ለቡድን አጋሩ ለሻኪሪ የተወ መስሎ ራቅ አለና ድንገት ተመልሶ መታት። የባርሴሎና ተከላካዮች ገና ቦታ ቦታቸውን እየያዙ ነበር፤ አብዛኞቹ ኳሷን እያዩ አልነበረም። ኦሪጊ ግን አይቷታል፤ አስቆጠራትም። ዳኛው እስኪያፏጭ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ኳሷ ከቆመች ምቱ በማንኛውም ቅጽበት ሊመታ ይችላል። አሰልጣኞች አንድ ተጫዋች በሚፈቀደው ርቀት ከኳሷ ፊት እንዲቆም የሚያዙትም ለዚህ ነው። ባርሴሎና በዚያች ቅጽበት ያ ሰው አልነበረውም።