ከካራ እስከ ሮቢት፤ ስለ ካርቡራተር ልክ



ከካራ በደሴ መንገድ በሞተር ብስክሌት የምንጓዝ ሁሉ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጣርማበርን አልፈን 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ሸዋ ሮቢት እንወርዳለን። በካራ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ስለ ሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ይደክማል። መድኃኒቱ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ዋናውን ጂግለር ጠበብ ባለው መለወጥ ነው። የሚኒሞውን ብሎን ማዞር ጋዝ ሳይሰጥ ለሚሠራ ሞተር እንጂ በሙሉ ጋዝ ለሚነዳ አይጠቅምም።

ነገር ግን ለካራ የተጠበበው ለሮቢት ያንሳል። በዚያ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያጥራል፤ ካንዴላው ይነጣል፤ ሞተሩና ማርሚታው ከልክ በላይ ይግላሉ። ፒስቶኑ ተጣብቆ ጎማው በድንገት ቢቆም የነጂው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ማርሚታውን መጠቅለል እግርን ከመቃጠል ያድናል እንጂ የሞተሩን ግለት አያበርድም።

ስለዚህ ወደ ቆላ ስንወርድ ፋብሪካው የገጠመውን ጂግለር መልሰን እንግጠም፤ ካንዴላውንም ፈትተን እንመልከት። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልኩ እርሱ ነው። ጥቂት የበዛ ቤንዚን ኪስን ይጎዳል፤ ያነሰ ግን ሞተሩን ይገድላል።